የማይታየውን የመዘነ ሊቅ፤ የአንቷን ላቮይዚዬ የሕይወት ታሪክ

የደግ አባት ልጅ ሳይረባ ሲቀር የአገራችን ሰው እሳት አመድ ወለደ ይላል። አነጋገሩ ዓይን ካየው ነገር የመጣ ነው። እዚህ በቁንዝላ እናቶቻችን አንድ ሸክም እንጨት አንድደው እንጀራቸውን ጋግረው ሲጨርሱ፣ ከምድጃው ተጠርጎ የሚወጣው አመድ አንድ ቁና እንኳ አይሞላም። ወገብ ያጐበጠው ያ ሁሉ እንጨት ወዴት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ጢስ ሆነ፣ ጠፋ ተብሎ ይታለፋል። ዛሬ ታሪኩን የማቀርብላችሁ ሰው ይህን ጥያቄ አላለፈውም፤ ሚዛን ይዞ እስከ መጨረሻው ተከታተለው። ስሙ አንቷን ሎራን ላቮይዚዬ ሲሆን አገሩ ፈረንሳይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

ይህን ታሪክ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በክፍላችን የሆነ አንድ ጉዳይ ነው። በኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ መምህራችን በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ጥቂት ኮምጣጤ ቀድተው፣ 3 ግራም የመጋገሪያ ሶዳ በቁራጭ ወረቀት ጠቅልለው፣ ሁሉንም ባንድነት በሚዛን ላይ አኖሩትና ክብደቱን ጻፍን። ሶዳው ከኮምጣጤው ጋር ሲገናኝ ተንተከተከ። አረፋው ከበረደ በኋላ እንደ ገና ብንመዝነው ከ1 ግራም በላይ ጐደለ። መጽሐፋችን ግን በኬሚካዊ ለውጥ ጊዜ የነገሮች ጠቅላላ ክብደት አይጨምርም፣ አይቀንስም ይላል። እኔና ሁለት ጓደኞቼ ተመካከርንና መጽሐፉ ከሚዋሽ እኛ ብንዋሽ ይሻላል በማለት፣ በደብተራችን ላይ ሁለቱን ቁጥሮች እኩል አድርገን ጻፍን።

መምህራችን ደብተሩን ባዩ ጊዜ አልተቈጡም። ዳሩ ግን የጻፍነውን ሰርዘን ያየነውን ቁጥር እንድንጽፍ አዘዙን። ቀጥለውም ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን የጐደለው ቁጥር መሆኑን ነግረውን፣ እስከሚመጣው ሳምንት ድረስ የላቮይዚዬን ታሪክ አንብበን እንድንመጣ አዘዙ። እኔም አንብቤ ያገኘሁትን እነሆ ለክፍል ጓደኞቼ፣ ለመምህራኖቼና ለወላጆቻችን አቀርባለሁ።

ላቮይዚዬ በ1743 ዓ.ም. በነሐሴ ወር በፓሪስ ከተማ ተወለደ። አባቱ በሕግ ሙያ የታወቀና ሀብት ያለው ሰው ነበረ። እናቱ ገና የ5 ዓመት ሕፃን ሳለ ስለ ሞተችበት፣ ያሳደገችው አክስቱ ናት። በ11 ዓመቱ ኮሌዥ ማዛረን ወደ ተባለው ታላቅ ትምህርት ቤት ገብቶ ቋንቋ፣ ሒሳብና ሳይንስ ተማረ። እንደ አባቱ ወግ ሕግ ተምሮ በ1764 ዓ.ም. ለጥብቅና የሚያበቃውን ማዕረግ ቢቀበልም፣ ልቡ ያለው ከሌላ ዘንድ ነበረ። የሕግ ትምህርቱን ሳያቋርጥ ከአንዱ መምህር የከዋክብትን ነገር፣ ከሌላው የዕፀዋትን፣ ከሌላው የድንጋይንና የማዕድንን፣ እንደዚሁም ከሩዌል የኬሚስትሪን ትምህርት ይቀስም ነበረ። የፓሪስን መንገዶች በሌሊት ለማብራት የሚበጀውን መብራት መርምሮ በጻፈው ጽሑፍ በ1766 ዓ.ም. ከንጉሡ የወርቅ ሜዳይ ተሸለመ። በ1768 ዓ.ም. ገና በ24 ዓመቱ የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆኖ ተመረጠ።

በዚያው ዓመት ኋላ ሕይወቱን ያስከፈለውን ሥራ ደግሞ ጀመረ። በዚያን ዘመን የፈረንሳይ ንጉሥ የጨው፣ የትንባሆና የሸቀጥ ቀረጥ የሚያሰበስበው ለባለጸጎች ማኅበር በኮንትራት እየሰጠ ነበረ። ማኅበርተኞቹ ለንጉሡ የተወሰነ ገንዘብ አስቀድመው ይከፍላሉ፤ ከዚያ በኋላ ከሕዝቡ የሚሰበስቡት ትርፍ የራሳቸው ይሆናል። ላቮይዚዬ ከዚህ ማኅበር ድርሻ ገዛ። ያገኘውንም ገንዘብ አብዛኛውን ለሳይንስ ዕቃ አዋለው። በዚያን ጊዜ ከነበሩት ሁሉ የሚበልጡ ሚዛኖች በታወቁ የእጅ ባለሙያዎች አሠራ። እንግዲህ እነዚያ የተደነቁ ሚዛኖች የተገዙበት ገንዘብ በከፊል ድኻው ለጨው ከከፈለው ቀረጥ የመጣ መሆኑን ልንሸሽገው አይገባም።

በ1771 ዓ.ም. የማኅበርተኛውን የዣክ ፖልዝን ልጅ ማሪ አንን አገባ። እርሱ 28 ዓመቱ ነበረ፤ እርሷ ግን 14 እንኳ አልሞላትም ነበር። ይህ በዛሬው የአገራችን ሕግ የተከለከለ ነው፤ መከልከሉም መልካም ነው። ማሪ አን ግን ከባሏ ጋር በትምህርት አደገች። ላቮይዚዬ እንግሊዝኛ አያውቅም ነበርና እርሷ ቋንቋውን ተምራ የእንግሊዝ ሊቃውንት የጻፉትን ትተረጉምለት ነበረ። ሥዕል ተምራም የምርመራ ዕቃዎቹን ሁሉ በጥራት ሣለች። ሙከራ በሚደረግበት ጊዜ ከጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣ ቁጥሩን የምትጽፈው እርሷ ነበረች። ስለዚህ የላቮይዚዬ ሥራ በሚባለው ውስጥ የማሪ አን እጅ እንዳለበት ማወቅ ይገባል።

ላቮይዚዬ ሚዛንን ለታላቅ ጥያቄ ያዋለው ገና ከማግባቱ በፊት ነው። በዚያን ዘመን ብዙ ሊቃውንት ውሃ ወደ አፈር ሊለወጥ ይችላል ብለው ያምኑ ነበረ። ለዚህም ማስረጃ ነው የሚሉት ንጹሕ ውሃ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሲፈላ ከሥር አፈር መሰል ዝቃጭ መታየቱን ነው። እኛም በሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ስናይ እንዲህ ብለን ልንገምት እንችል ይሆናል። ላቮይዚዬ ግን አልገመተም። እንፋሎቱ ወጥቶ እንዳይጠፋ ተመልሶ ወደ ውስጥ የሚንጠባጠብበት የብርጭቆ ዕቃ ወስዶ፣ ዕቃውን ለብቻው፣ ውሃውንም ከነዕቃው መዝኖ ዘጋው። ከዚያ በኋላ ከጥቅምት 1768 እስከ የካቲት 1769 ዓ.ም. 101 ቀን ሙሉ በእሳት ላይ አቆየው።

በመጨረሻው ሲመዝነው የዕቃውና የውሃው ጠቅላላ ክብደት አልተለወጠም። ውሃውን ገልብጦ ባዶውን ዕቃ ሲመዝን ግን ዕቃው 17 ግሬን ያህል ቀለለ። ግሬን የሚባለው የዚያን ጊዜ መለኪያ የ1 ግራም ሃያኛ እጅ ገደማ ነው። ከውሃው የተገኘውም ዝቃጭ 20 ግሬን ያህል ሆነ። ትርፉን 3 ግሬን ውሃውን ባተነነባቸው ሌሎች ዕቃዎች ምክንያት የመጣ ነው ብሎ ቈጠረው። እንግዲህ አፈሩ የመጣው ከውሃው አይደለም፤ ከብርጭቆው ተልጦ ነው። ስንት መቶ ዓመት ሲያከራክር የኖረው ነገር በሚዛን ተፈረደ።

ላቮይዚዬ ይህን ለአካዳሚው ባቀረበበት በ1770 ዓ.ም. አገራችን በዘመነ መሳፍንት መጀመሪያ ላይ ነበረች። በዚያው ዓመት ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከጐንደር ተነሥቶ በጣና ምዕራብ በኩል ወደ ግሽ ዓባይ ተጓዘ። አንዱ የወንዝን ምንጭ ለማየት በእኛ አገር በኩል ሲያልፍ፣ ሁለተኛው ከቤቱ ሳይወጣ የውሃን ጠባይ በሚዛን ይመረምር ነበረ ማለት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ወደ እሳት ዞረ። የዚያ ዘመን ሊቃውንት በሚቃጠል ነገር ሁሉ ውስጥ ፍሎጅስቶን የሚባል ነገር አለ፤ እሳት ማለት የዚህ ነገር መውጣት ነው ይሉ ነበረ። እንጨት አመድ ሆኖ ሲቀልል ፍሎጅስቶኑ ወጥቶ ነው ይላሉ። ይህ አስተሳሰብ ዓይን ለሚያየው ነገር የተስማማ ነበረ። ነገር ግን አንድ እንቅፋት ነበረበት። ቆርቆሮና እርሳስ በእሳት ብዙ ጊዜ ሲግሉ ወደ ዱቄት ይለወጣሉ፤ ዱቄቱም ከመጀመሪያው ብረት የበለጠ ይመዝናል። አንድ ነገር ወጥቶለት ሳለ እንዴት ይከብዳል? አንዳንዶቹ ይህን አይተው እንዳላዩ አለፉት። ልክ እኛ በደብተራችን እንዳደረግነው ማለት ነው።

ላቮይዚዬ በ1772 ዓ.ም. ድኝንና ፎስፎረስን አቃጥሎ ሁለቱም ሲቃጠሉ ክብደት እንደሚጨምሩ አረጋገጠ። ሌላ ሰው እንዳይቀድመው ያገኘውን ጽፎ በታሸገ ወረቀት ለአካዳሚው ጸሐፊ አስረከበ። በ1774 ዓ.ም. ደግሞ ቆርቆሮ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ አስገብቶ አፉን ደፈነና አጋለው። ቆርቆሮው በከፊል ዱቄት ሆነ። ዕቃው እንደ ተዘጋ ሲመዘን ግን ክብደቱ ከፊተኛው ጋር አንድ ነበረ። አፉን በከፈተው ጊዜ አየር እያፏጨ ገባ፤ ያን ጊዜ ዕቃው ከበደ። የጨመረው ክብደት ከአየር የመጣ መሆኑ በዚህ ታወቀ። የእሳት ምሥጢር ከሚቃጠለው ነገር ወደ ውጭ በሚወጣው ሳይሆን፣ ከአየሩ ወደ እርሱ በሚገባው ላይ ነው።

ከአየሩ የሚገባው ምን ዓይነት ነገር እንደ ሆነ ግን ገና አልታወቀም ነበረ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ጆሴፍ ፕሪስትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ወደ ፓሪስ መጥቶ በማዕድ ላይ ሳሉ፣ ከቀይ የባዜቃ ዱቄት ሻማን እጅግ አድምቆ የሚያነድ አየር ማግኘቱን ነገረው። በስዊድንም ሼሌ የተባለው ሊቅ ይህንኑ አየር ለብቻው አግኝቶት ነበረ። ላቮይዚዬ ነገሩን ይዞ በራሱ መንገድ መረመረው። ባዜቃ ከ50 ኪዩቢክ ኢንች አየር ጋር ዘግቶ 12 ቀን አሞቀው። በላዩ ቀይ ቅርፊት ተሠራ፤ አየሩም ወደ 42 ወይም 43 ኪዩቢክ ኢንች ዝቅ አለ። በቀረው አየር ውስጥ ሻማ ይጠፋል፣ እንስሳም ይታፈናል።

ቀዩን ቅርፊት ለቅሞ ሲመዝን 45 ግሬን ሆነ። ይህንኑ ለብቻው አጥብቆ ሲያግለው 41 ግሬን ተኩል ባዜቃና 7 ወይም 8 ኪዩቢክ ኢንች አየር ወጣ። ይህም አየር ከመጀመሪያው የጐደለውን ያህል ነው። ጓደኞቼ ሆይ፣ ይህን ሒሳብ ልብ በሉት። ከአየሩ የጐደለው በቅርፊቱ ተገኘ፤ ከቅርፊቱ የጐደለውም ተመልሶ በአየሩ ተገኘ። ወጪና ገቢው ተካከለ። ላቮይዚዬ ለዚህ አየር ኦክስጅን የሚል ስም አወጣለት። ሆኖም ፕሪስትሊ የነገረውን በሚገባው መጠን አላመሰገነም ተብሎ ይወቀሳል፤ ወቀሳውም ትክክል ነው። ስሙንም ያወጣው አሲድ ሁሉ ኦክስጅን አለበት ብሎ ስላመነ ነበረ፤ ይህ ግን ስሕተት መሆኑ ኋላ ታውቋል።

በ1775 ዓ.ም. መንግሥት የባሩድ ፋብሪካዎች ኃላፊ አድርጎ ሾመውና በፓሪስ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ውስጥ መኖሪያና የምርመራ ክፍል ተሰጠው። ከላፕላስ ጋር ሆኖ አንዲት ትንሽ እንስሳ በበረዶ በተከበበ ዕቃ ውስጥ አኑሮ፣ ከሰውነቷ የወጣው ሙቀት ስንት በረዶ እንዳቀለጠ ለካ። የሰውና የእንስሳ ትንፋሽ እንደ ከሰል ቃጠሎ ያለ፣ ነገር ግን ዝግ ያለ ቃጠሎ መሆኑን በዚህ አስረዳ። በ1783 ዓ.ም. ደግሞ ሃይድሮጅንንና ኦክስጅንን አቃጥሎ ውሃ አገኘ። እንግሊዛዊው ካቨንዲሽ ከዚህ አስቀድሞ አድርጎት ነበር፤ ውሃ ከሁለት ነገር የተሠራ መሆኑን አጥርቶ የተናገረው ግን ላቮይዚዬ ነው። ዛሬ እንደምናውቀው በ9 ግራም ውሃ ውስጥ 8 ግራም ኦክስጅንና 1 ግራም ሃይድሮጅን አለ። በጣና ላይ በታንኳ የምንቀዝፍበት ውሃ የሁለት ጋዞች ልጅ ነው ማለት ነው።

በ1787 ዓ.ም. ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ለኬሚስትሪ አዲስ የስም አወጣጥ ሥርዓት ሠራ። በ1789 ዓ.ም. ታላቁን መጽሐፉን አሳተመ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ወደ ሌላ ሊከፈሉ ያልቻሉ 33 ነገሮችን ዘረዘረ። ብርሃንንና ሙቀትን ከእነዚህ ጋር መቍጠሩ ስሕተት ነበረ። ዛሬ በስሙ የምንጠራውን ሕግ የጻፈው ግን በየትኛው ምዕራፍ ይመስላችኋል? ስለ እሳት በጻፈው አይደለም፤ የወይን ጠጅ እንዴት እንደሚፈላ በጻፈው ምዕራፍ ነው። በዚያም ውስጥ በሰው እጅም ሆነ በተፈጥሮ ሥራ አዲስ ነገር እንደማይፈጠር፣ ከለውጡ በፊት የነበረው የቁስ መጠን ከለውጡም በኋላ እኩል እንደሚገኝ ገለጸ።

ይህ ለእኛ ሩቅ ነገር አይደለም። ጠጅ ሲጣል ጋኑ አረፋ ያወጣል፣ ይተነፍሳል፤ ጣፋጩም ብርዝ ቀስ በቀስ ያሰክራል። በማሩ ውስጥ ካለው ስኳር 100 ግራም ሙሉ በሙሉ ቢለወጥ፣ 51 ግራም ያህል አልኮልና 49 ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ግማሹ በጋኑ አፍ ወጥቶ ሄደ ማለት ነው። ላቮይዚዬ በዚያ ምዕራፍ የሰጣቸው ቁጥሮች ኋላ በተደረገ ምርመራ በትክክል አልተገኙም። መሠረተ ሐሳቡ ግን ጸንቶ ቆመ። ስለዚሁ ነገር ከእርሱ በፊት ሩስያዊው ሎሞኖሶቭ በ1748 ዓ.ም. በደብዳቤ ጽፎ፣ በ1756 ዓ.ም. ብረትን በተዘጋ ዕቃ አግሎ እንደ ነበር መጥቀስ ይገባል። ሕጉን የኬሚስትሪ ሥራ ሁሉ መለኪያ ያደረገው ግን ላቮይዚዬ ነው።

መጽሐፉ በታተመበት በ1789 ዓ.ም. የፈረንሳይ አብዮት ተነሣ። ላቮይዚዬ ለውጡን አልጠላም ነበረ። ሜትርና ኪሎግራም የሚባሉትን መለኪያዎች ለማቋቋም በተሠየመው ጉባኤ ውስጥ ሆኖ የውሃን ክብደት በጥንቃቄ ለካ። ዛሬ በቁንዝላ ገበያ ዓሣና በርበሬ የሚመዘንበት ኪሎ የዚያ ጉባኤ ሥራ ነው። ከአብዮቱ አንድ ዓመት በፊትም እህል በተወደደ ጊዜ፣ ብሏ ለተባለችው ከተማ የእህል መግዣ ገንዘብ ያለ ወለድ አበድሮ ነበረ።

ዳሩ ግን ሕዝቡ የቀረጥ ማኅበሩን አልረሳም። ኮንትሮባንድ ለመከልከል ፓሪስን በግንብ ማጠር ይገባል የሚለውን ሐሳብ ካቀረቡት አንዱ ላቮይዚዬ ነበረ፤ ግንቡም በከተማው ዘንድ እጅግ ተጠልቶ ነበር። ቀድሞ ስለ እሳት የጻፈው ጽሑፍ በላቮይዚዬ የተናቀበት ማራ፣ አሁን የአብዮቱ ጋዜጠኛ ሆኖ በብርቱ ከሰሰው። በ1793 ዓ.ም. በነሐሴ ወር አካዳሚው ተዘጋ፤ በኅዳር ወር የማኅበሩ አባሎች እንዲያዙ ታዘዘ። ላቮይዚዬ ጥቂት ቀን ከተሸሸገ በኋላ ራሱ እጁን ሰጠ። በግንቦት 8 ቀን 1794 ዓ.ም. ከ27 ማኅበርተኞች ጋር ለፍርድ ቀረበ። ፍርዱ አንድ ቀን እንኳ አልፈጀም። በዚያው ቀን ጊዮቲን በተባለው መሣሪያ አንገታቸው ተቈረጠ። አማቱ ሦስተኛ፣ እርሱ አራተኛ ሆነው ሞቱ። ዕድሜው 50 ዓመት ነበረ።

አባቷንና ባሏን በአንድ ቀን ያጣችው ማሪ አን ራሷም 65 ቀን ታሰረች፤ ንብረቷም ተወረሰ። ኋላ ንብረቱ ተመለሰላት፤ የባሏንም ጽሑፎች ሰብስባ አሳተመች። እስከ ሞተችበት እስከ 1836 ዓ.ም. ድረስ ሊቃውንትን በቤቷ ትቀበል ነበረ።

ይህን ሰው እንዴት እንፍረደው? እንደ ምርመራው ቢሆን ዕቃውን ዘግተን፣ አንድ ነገር ሳናወጣ ልንመዝነው ይገባል። የድኻ ቀረጥ አለበት፤ ለድኻ ያበደረውም አለበት። ያላመሰገነው ባልንጀራ አለበት፤ ለዓለም የተወው ሕግም አለበት። የቈረጡት ዳኞች ከአንድ ወገን ብቻ መዘኑ። እኛ ደግሞ ሊቅነቱን ብቻ ብንመዝን የእነርሱን ስሕተት ከሌላው ወገን መድገማችን ነው።

ከእርሱ በኋላ ዳልተን በ1808 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ሕጉ ለምን እውነት እንደ ሆነ ለመረዳት መንገድ ከፈተ። አተሞች በኬሚካዊ ለውጥ ጊዜ ጓደኛ ይለውጣሉ እንጂ አይጠፉም። 12 ግራም ካርቦን ሲቃጠል 32 ግራም ኦክስጅን ከአየር ይወስድና 44 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ስለዚህ ከምድጃው የሚወጣው የማይታይ ጋዝ ከተቃጠለው ካርቦን ሦስት ዕጥፍ በላይ ይመዝናል። በ1905 ዓ.ም. አይንሽታይን ቁስና ኃይል የተያያዙ መሆናቸውን አስረድቷል። ይሁን እንጂ 1 ኪሎ ከሰል ሲነድ በሙቀት መልክ የሚቀነሰው ከአንድ ግራም ሚሊዮንኛ እጅ ያነሰ ስለ ሆነ፣ በትምህርት ቤት ሚዛን የሚታይ አይደለም።

ለቁንዝላ ሰው ደግሞ ሕጉ ከዚህ የበለጠ ትርጉም አለው። ከእንጨቱ የወጣው ካርቦን በአየር ላይ አለ፤ በሐይቁ ዳር ያለው ደንገልና የማሳው ጤፍ መልሰው ይወስዱታል። በክረምት ከየማሳው በጎርፍ የሚታጠበው አፈርና ማዳበሪያ ወደ ሐይቁ ሲገባ ከዓይን ይሰወራል እንጂ አይጠፋም። በ2011 ዓ.ም. በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ በኩል የታየው እንቦጭ የሚባለው አረም የሚመገበው ይህንኑ ነው። በግልገል ዓባይ የሄደው የማሳችን ሀብት አረም ሆኖ ታንኳችንንና መረባችንን ሊይዝ ይችላል። ወደ ጣና የተጣለ ነገር ሁሉ በአንድ መልክ ተመልሶ ይጠይቀናል።

አሁን ወደ ክፍላችን ልመለስ። በተከታዩ ሳምንት መምህራችን ያንኑ ሙከራ ደገሙት። በዚህ ጊዜ ግን ሶዳው እንደ ገባ የጠርሙሱን ክዳን ፈጥነው አጠበቁት። ጠርሙሱ ተወጠረ፤ ሚዛኑ ግን ከፊተኛው ቁጥር አልተነቃነቀም። ከዚያም ክዳኑን ቀስ ብለው ላላ ሲያደርጉት እያፏጨ ተነፈሰ፤ ቁጥሩም ዓይናችን እያየ ወረደ። ባለፈው ሳምንት የጐደለው ምን እንደ ሆነ ያን ጊዜ ገባን። መጽሐፉም አልዋሸም፣ ሚዛኑም አልዋሸም፤ የዋሸነው እኛ ነበርን።

በደብተሬ ላይ የሰረዝኩት ቁጥር እስከ ዛሬ አለ። ገጹን ቀድጄ ላወጣው ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን ተውኩት። እንግዲህ ጓደኞቼ፣ ሒሳባችሁ ሲጐድል ቁጥሩን ከማስተካከላችሁ በፊት ክዳኑ ተከፍቶ እንደ ሆነ ተመልከቱ።